የሱፐርማን ውሻ ከላይካ የተቀዳ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጄ የጋላክሲ ጠባቂዎቹን ፊልም አይቶ «ይቺ የጠፈር ልብስ የለበሰችው ውሻ የእውነት ነበረች?» አለኝ። ስለ ላይካ የማውቀውን ነገርኩት። ኋላ ላይ የሱፐርማን ውሻ ክሪፕቶም ከላይካ የተቀዳ ነው የሚል ጽሑፍ አጋጠመኝ። ሌላው ደግሞ አሜሪካኖች ወደ ጠፈር የላኩት ዝንጀሮ የኮሚክ ጭራቅ ሆኗል ይላል። የቱ ነው እውነቱ? ለልጁስ ምን ልበለው?

መልስ፦

በአጭሩ ልጀምር። ፊልሙ ላይ ያለችው ውሻ ኮዝሞ አዎ፣ ሶቪየቶች በ1957 ጠፈር ከላኳት እውነተኛ ውሻ፣ ከላይካ የመጣች ናት። ክሪፕቶ ግን ከላይካ አልተቀዳም፤ ሊቀዳም አይችልም፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቀድሟታል። «ዝንጀሮው ጭራቅ ሆነ» የሚለውም እንዲሁ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጭራቁ ቀድሞ ታትሞ ነው እውነተኛው እንስሳ የተላከው። ዝርዝሩ ግን ከአጭሩ መልስ ይልቅ ይጣፍጣል። ሙያዬ የሳይንስ ታሪክ ማስተማር ነው፤ አሮጌ ኮሚክ መሰብሰብ ደግሞ አመሌ ነው። ስለዚህ ቢረዝምብዎ አይቀየሙኝ። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ ጉዳይ ላይ ክርክሩን የሚፈታው ቀን ነውና።

ክሪፕቶ መጀመሪያ የታየው «አድቬንቸር ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት 210ኛ እትም ላይ፣ በማርች 1955 ነው። ጽሑፉ የኦቶ ቢንደር፣ ሥዕሉ የከርት ስዋን። ታሪኩን ልጅዎ ያውቀው ይሆናል። የክሪፕተን ሳይንቲስት ጆር-ኤል ፕላኔታቸው ልትፈነዳ መሆኑን አውቆ ሕፃን ልጁን በሮኬት ሊያሸሽ ያስባል። ግን ልጁን ዝም ብሎ አይጭነውም። መጀመሪያ የቤቱን ቡችላ በሙከራ ሮኬት ይልካል። ሮኬቱን ተወርዋሪ ድንጋይ ይገጨውና መንገዱን ይስታል፤ ዓመታት ጠፈር ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ሕፃኑ ምድር ላይ አድጎ ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ይደርሳል።

ብዙ ሰው ክሪፕቶን የሚያስታውሰው በቀይ ካባው ነው፤ በ2025ቱ የሱፐርማን ፊልም ላይም ቤቱን ሁሉ እያተራመሰ የሚበረው ያው ካባ ለባሹ ነው። የአመጣጡ ታሪክ ግን የሙከራ ውሻ ታሪክ ነው። «መጀመሪያ እንስሳው ይሂድ፤ ከተረፈ ሰው ይከተላል» የሚለው አሠራር እንዳለ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ራሱ አልነበረም። ላይካ የት እንደነበረች ማንም አያውቅም፤ ምናልባትም ገና ጨቅላ ቡችላ ነበረች፤ ስትላክ ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ያህል ነበርና።

ታዲያ ቢንደር ነቢይ ነበር? አይደለም። ነገሩ ያኔም እየተሠራ ነበር። አሜሪካኖች ከጀርመን የማረኩትን ቪ-2 ሮኬት ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ፣ ዋይት ሳንድስ ከተባለው ቦታ ማስወንጨፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1947 የፍራፍሬ ዝንቦች ጭነው 109 ኪሎ ሜትር ሰደዷቸው፤ በሕይወት ተመለሱ። ጠፈር የደረሱት የመጀመሪያዎቹ እንስሳት እንግዲህ ሙዝ ሲበስል ወጥ ቤት ውስጥ የሚያስቸግሩን ዝንቦች ናቸው፤ ይህን ለልጅዎ ቢነግሩት ከውሻውም በላይ ይስቃል።

ከዝንቦቹ በኋላ አልበርቶች መጡ። አልበርት የተባለ ሬሰስ ጦጣ በ1948 ተላከና ታፍኖ ሞተ። ጁን 14 ቀን 1949 አልበርት ሁለተኛ 134 ኪሎ ሜትር ወጣ፤ ከጦጣ ወገን ጠፈር የገባው የመጀመሪያው እሱ ነው። ሲመለስ ፓራሹቱ አልሠራ ብሎ መሬት ላይ ተከሰከሰ። የሦስተኛው ሮኬት አየር ላይ ፈነዳ። አራተኛውና አምስተኛው እንደገና በፓራሹት ብልሽት አለቁ። የእነዚህና የተከታዮቻቸው የሕክምና ውጤት በ1952 በአቪዬሽን ሕክምና መጽሔት ታትሞ ስለወጣ ጉዳዩ ምስጢር አልነበረም። በሶቪየት በኩል ደግሞ ጁላይ 22 ቀን 1951 ዴዚክና ትሲጋን የተባሉ ሁለት ውሾች ካፑስቲን ያር ከተባለው የሮኬት ማስወንጨፊያ ተነሥተው 100 ኪሎ ሜትር ደርሰው በሰላም ተመልሰዋል። ዴዚክ በሳምንቱ ሊሳ ከምትባል ውሻ ጋር ድጋሚ ተላከና ፓራሹት ሳይከፈት ቀርቶ ሁለቱም ሞቱ። ትሲጋንን ከዚያ ወዲያ አላበረሩትም፤ አካዳሚሺያን ብላጎንራቮቭ ቤታቸው ወስደው አሳደጉት።

በነገራችን ላይ የጠፈር ልብስ የለበሰ ውሻ በሥዕል ታሪክ ውስጥ ከክሪፕቶም በፊት አለ። ቤልጅየማዊው ሄርዤ ቲንቲንን ወደ ጨረቃ ሲልከው ነጩን ውሻ ሚሉንም በልኩ የተሰፋ የጠፈር ልብስ አልብሶ አውርዶታል፤ ታሪኩ በመጽሔት ሲታተም የቆየው ከ1950 እስከ 1953 ነው። ልዩነቱ ሚሉ የሄደው ጓደኛ ሆኖ ነው፤ ጌታውም አብሮት አለ። ክሪፕቶ ግን ብቻውን ተልኳል። የእውነተኞቹን ዕጣ የሚመስለው የክሪፕቶ ነው።

አሁን ወደ «ዝንጀሮው» እንምጣ፤ ግን ቃሉ ላይ ትንሽ ላቁምዎት። አማርኛ ለጦጣ፣ ለዝንጀሮ፣ ለጭላዳና ለጉሬዛ ለየብቻ ስም አለው፤ አገራችን ውስጥ አሉና ለይተን እናውቃቸዋለን። ቺምፓንዚ ግን እኛ ጋ የለም፤ ስለዚህ ፎቶውን ባየን ቁጥር ደስ ያለንን ስም እንለጥፍበታለን። ዝንጀሮ ጅራት አለው፤ ቺምፓንዚ የለውም። አልበርቶቹን «ጦጣ» ቢሏቸው ያስኬዳል። በ1961 የተላከው ሃም ግን ዝንጀሮም ጦጣም አይደለም፤ ቺምፓንዚ ነው። ኮሚኩ ላይ ያለው ጭራቅም እንዲሁ።

ጭራቁ ቲታኖ ይባላል። የወጣው በ«ሱፐርማን» 127ኛ እትም ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ቀን ፌብሩዋሪ 1959። ደራሲው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው የክሪፕቶው ኦቶ ቢንደር። ቶቶ የሚባል የሠለጠነ ቺምፓንዚ በሳተላይት ይላካል። ምህዋር ላይ እያለ የዩራኒየምና የክሪፕቶናይት ድንጋዮች እርስ በርስ ተጋጭተው ጨረራቸው ያገኘዋል። ምድር ሲመለስ ማደግ ይጀምርና ሕንጻ ያክላል፤ ከዓይኑም ሱፐርማንን የሚያዝል የክሪፕቶናይት ጨረር ይወጣል። ቲታኖ የሚለውን ስም የምታወጣለት ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን ናት።

አሜሪካ እውነተኛውን ቺምፓንዚ የላከችው ጃንዋሪ 31 ቀን 1961 ነው፤ ቲታኖ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሟል። የእነዚያ ዘመን መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ ከተጻፈው ወር ሁለት ወር ያህል ቀድመው ገበያ ስለሚገቡ፣ ቲታኖ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለው ጎርዶ የተባለው ትንሽ ጦጣ በጁፒተር ሮኬት ተልኮ ውቅያኖስ ውስጥ በቀረበት ሰሞን፣ በዲሴምበር 1958 አካባቢ ነው። ቢንደር ለምን ጦጣውን ትቶ ትልቁን እንስሳ መረጠ ካሉኝ፣ አንዱ ምክንያት ንግድ ነው። የሱፐርማን አሳታሚ የሆነው የዲሲ አዘጋጆች ሽፋኑ ላይ ጎሪላ ወይም መሰል ፍጡር ያለበት እትም ከሌላው ይልቅ እንደሚሸጥ በ1951 ገደማ ደርሰውበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሽፋን ላይ ጎሪላ ሲያፈሱብን ኖሩ። ቢንደር ግን በጉዳዩ የምር የሚገደው ሰው ነበር። በ1960 ስለ ጠፈር ሳይንስ የሚተርክ መጽሔት ራሱ አቋቁሟል።

ከቲታኖ በኋላ የመጣውን ቤፖን እንኳን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንለፈው፤ በኦክቶበር 1959 የወጣ ካባ ለባሽ ጦጣ ሲሆን፣ ከጆር-ኤል የሙከራ እንስሳት አንዱ ሆኖ ሳለ ሕፃኑ ሮኬት ውስጥ ተደብቆ ምድር የገባ ነው። ሜይ 28 ቀን 1959 ኤብልና ቤከር የተባሉት ጦጣዎች ከጠፈር በሕይወት ተመልሰው ወሬያቸው አገር ምድሩን ሞልቶ ነበር። ቤፖ ከእነሱ በኋላ መምጣቱ አያስገርምም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ኮሚኩ የፈራውና በእውን የገደለው ነገር አለመገናኘታቸው ነው። በኮሚክ ዓለም ጠፈር የሄደ እንስሳ ችግሩ ጨረር ነው። ጨረር ያገኘዋል፣ ያብጣል፣ ያወራል፣ ይበራል። ሳይንቲስቶቹም በእርግጥ ጨረርን ፈርተዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ክብደት አልባነትን። ልብ ይመታል ወይ? ምግብ ይዋጣል ወይ? እንስሳው ራሱን ይስታል ወይ? እንስሳቱ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መለሱ፤ ልብ ይመታል፣ ምግብም ይዋጣል። የሞቱት በሌላ ነው። ያልተከፈተ ፓራሹት፣ የፈነዳ ሮኬት፣ የጋለ ካቢን። እዚያ ላይ የሚጠብቀው ጠላት ሳይሆን እዚህ የተሠራው ዕቃ ነው የጨረሳቸው። ኮሚክ ጸሐፊ ስለ ፓራሹት ገመድ ታሪክ አይጽፍም፤ አይሸጥለትማ።

ላይካም የሞተችው እንዲሁ ነው። ላይካ የሞስኮ ጎዳና ላይ የተገኘች ባለቤት የሌላት ውሻ ነበረች፤ 6 ኪሎ ገደማ። የሶቪየት ሐኪሞች የጎዳና ውሻ የሚመርጡት ብርድና ረሃብ ስለለመደ ነው፤ ሴት የሚመርጡትም ለሽንት እግሯን ስለማታነሣ፣ ጠባቡ ካቢን ውስጥ የተገጠመላት መሣሪያ ስለሚሠራ ነው። የመጀመሪያ ስሟ ኩድርያቭካ ነበር፣ ከርዳዳዋ እንደማለት። ላይካ ማለት ደግሞ «ጯሂዋ» ነው።

ስፑትኒክ 1 ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ለአብዮቱ 40ኛ ዓመት ሌላ ተአምር ፈለጉ። መሐንዲሶቹ ስፑትኒክ 2ን በአራት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ሠሩት። መመለሻ አልተሠራለትም፤ ከመጀመሪያውኑ የአንድ ጉዞ ትኬት ነበር። ከሐኪሞቹ አንዱ የነበሩት ቭላድሚር ያዝዶቭስኪ ከመላኳ በፊት ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር እንድትጫወት አደረጓት፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደቀራት ስለሚያውቁ አንድ ጥሩ ነገር ላደርግላት ብዬ ነው ሲሉ በኋላ ጽፈዋል። ካቢኑ ውስጥ የገባችው ከመነሻው ሦስት ቀን አስቀድሞ ነው። ኖቬምበር 3 ቀን ተወነጨፈች። ሮኬቱ ሲነሣ የልቧ ምት በደቂቃ ከ103 ወደ 240 ዘለለ። ምህዋር ገብታም በመሬት ላይ ልምምድ ከምትረጋጋበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ወሰደባት። ከዚያ የማቀዝቀዣው ሥርዓት አልሠራ አለና ካቢኑ ጋለ።

ለዓመታት የተነገረው ለአንድ ሳምንት ያህል ቆይታ ሳትሠቃይ ሞተች የሚል ነበር። እውነቱ የወጣው በ2002 ነው፤ ዲሚትሪ ማላሼንኮቭ የተባሉት ሩሲያዊ ሳይንቲስት ሂዩስተን በተደረገ ጉባኤ ላይ ላይካ የሞተችው ከመነሻው ከ5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በሙቀት መሆኑን ገለጹ። ሬሳዋ ከመንኩራኩሩ ጋር ምድርን 2,570 ጊዜ ዞሮ ኤፕሪል 14 ቀን 1958 ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጠለ። ከአሠልጣኞቿ አንዱ ኦሌግ ጋዜንኮ በ1998 ጊዜው በራቀ ቁጥር ጸጸቱ እንደሚብስባቸው ተናግረዋል፤ ከጉዞው የተገኘው ዕውቀት የውሻዋን ሞት የሚያህል አልነበረም ብለዋል። ይህን የሚሉት የፕሮግራሙ ጠላት ሳይሆኑ ራሳቸው ያሠለጠኗት ሰው መሆናቸው ነው ነገሩን የሚያከብደው።

ከላይካ በኋላ ኮሚኩ የሶቪየት እንስሳትን እንዴት አየ? እዚህ ላይ ነው ሳቄን መቆጣጠር የሚያቅተኝ። በኤፕሪል 1963 በወጣው በ«ፋንታስቲክ ፎር» 13ኛ እትም ላይ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ቀይ መንፈስ የሚባል ክፉ አመጡ። ኢቫን ክራጎፍ የሶቪየት ሳይንቲስት ነው፤ ጎሪላ፣ ዝንጀሮና ኦራንጉታን አሠልጥኖ ወደ ጨረቃ ይዞ ይሄዳል፤ መንኩራኩሩንም ሆን ብሎ ከጠፈር ጨረር እንዳይከላከል አድርጎ ይሠራዋል፤ ሁሉም ኃይል ያገኛሉ። ሶቪየቶች ግን ያኔ የሚልኩት ውሻ ነው! ከጦጣ ወገን ሶቪየቶች ጠፈር የላኩት ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ቆይተው፣ በዲሴምበር 1983 ነው። በ1963 ከጦጣ ወገን የሚልኩት አሜሪካኖች ነበሩ፤ አሜሪካኖቹ ሠዓሊዎች የራሳቸውን አሠራር ለጠላት አልብሰው ሳሉት። እንስሳቱን ጌታቸው የሚገዛቸው በረሃብ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ከአራቱ ጀግኖች አንዷ የሆነችው ሱ ስቶርም ትፈታቸዋለች፤ ቀና ብለው የሚያሳድዱት ጌታቸውን ነው።

ይህን ካነበቡ በኋላ የሃምን ታሪክ ያንብቡ። ሃም በካሜሩን ጫካ ተይዞ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ላለ የእንስሳት ነጋዴ ተሸጦ፣ በ1959 የአሜሪካ አየር ኃይል የገዛው ቺምፓንዚ ነው። ሥልጠናው ቀላል ነበር። ሰማያዊ መብራት ሲበራ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ዘንጉን ከገፋ የሙዝ ጣዕም ያለው እንክብል ያገኛል፤ ካልገፋ እግሩን ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። በሰነድ ላይ ቁጥር 65 ነበር። ሃም የሚለው ስም ይፋ የሆነው በሕይወት ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ስም ያለው እንስሳ ከሞተ ሕዝብ ያዝናል ብለው ሰግተው ነው። ስሙ የተወሰደው ከሆሎማን የበረራ ሕክምና ማዕከል የመጀመሪያ ፊደላት ነው።

በረራው 16 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ፈጀ። ሮኬቱ ከታሰበው በላይ ገፍቶ 253 ኪሎ ሜትር ወሰደው፤ ካፕሱሉ ባሕር ላይ አርፎ ውኃ መጠጣት ጀምሮ ነበር። ሃም ግን በዚያ ሁሉ መካከል ዘንጉን ገፋ፤ ከመሬቱ ልምምድ የዘገየው በሰከንድ ክፋይ ብቻ ነው። አፍንጫው ላይ ትንሽ ጭረት ይዞ ወጣ። ጥርሱን ያሳየበት ፎቶ «ፈገግ አለ» ተብሎ ተሰራጨ፤ የቺምፓንዚ እንዲህ ያለ ጥርስ ማሳየት ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። በኋላ ለፎቶ ወደ ወንበሩ ሊመልሱት ሲሉ እምቢ ብሎ ታገላቸው፤ መልሱ እዚያ ላይ ግልጽ ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ባለው መካነ አራዊት 17 ዓመት ኖረ፤ በ1983 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሞተ። ቲታኖ ሕንጻ አፈረሰ፤ ሃም ሙዝ በላና አረጀ።

ከሃም የባሰውን ያየው ኢኖስ ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1961 ምድርን ሁለት ጊዜ ሲዞር መሣሪያው ተበላሽቶ ዘንጉን በትክክል ሲገፋም ይነዝረው ጀመር። እሱ ግን የተማረውን ትክክለኛውን መግፋት አላቆመም። ከኮሚኮቹ ሁሉ እንዲህ ያለ ጀግና አላገኘሁም።

ድመት ይቀራል ካሉ፣ አዎ አለች። ፈረንሳይ ኦክቶበር 18 ቀን 1963 ከአልጄሪያ ሐማጊር አንዲት ድመት ልካ በሰላም አስመለሰች። እሷም እንደ ሃም በቁጥር ነበር የምትጠራው። ጋዜጦች ታዋቂውን የካርቱን ድመት አስታውሰው ፌሊክስ አሏት፤ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ሴት መሆኗን አይተው ፌሊሴት ብለው አስተካከሉት። እንግዲህ አንዲት እውነተኛ የጠፈር እንስሳ ስሟን በቀጥታ ያገኘችው ከሥዕል ገጸ ባሕርይ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግንኙነት ይኸው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንጎሏን ለመመርመር ገደሏት። በ2019 መጨረሻ ስትራስቡርግ ውስጥ ሐውልት ቆሞላታል።

በተቃራኒው መንገድ፣ ከወረቀት ወደ ጠፈር የሄደም ውሻ አለ፤ ስኑፒ። ናሳ በ1967 ሦስት ጠፈርተኞች መሬት ላይ በእሳት ካጣ በኋላ የካርቱን ሠዓሊውን የቻርልስ ሹልዝን ውሻ የደኅንነት ምልክት አድርጎ ወሰደው። ከ1968 ጀምሮ ጠፈርተኞች ሥራቸውን በጥንቃቄ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የብር ስኑፒ ይሸልማሉ፤ ጌጡ ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ነው። በሜይ 1969 የአፖሎ 10 ሠራተኞች የጨረቃ መንኩራኩራቸውን ስኑፒ፣ ዋናውን ደግሞ ቻርሊ ብራውን አሉት። ስኑፒ ጨረቃ ላይ ሳያርፍ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቦ ቦታውን ሰለለ፤ የላይኛው ክፍሉ ዛሬም ፀሐይን ይዞራል። በ2022ም በአርጤምስ 1 ውስጥ የስኑፒ አሻንጉሊት ተንሳፍፎ ክብደት አልባነቱን አሳይቷል። ውሻን ለአደጋ ሳያጋልጡ ጠፈር የሚልኩበት ዘዴ ይኼ ብቻ ይመስለኛል።

ኮዝሞ ደግሞ የተፈጠረው በ2008 ነው፤ ዳን አብኔትና አንዲ ላኒንግ «ኖቫ» በተባለው ኮሚክ ላይ አመጡት። በ1960ዎቹ ሶቪየቶች የላኩት የሙከራ ውሻ ነው፤ ከምህዋር ጠፍቶ ሩቅ የጠፈር ከተማ ይደርሳል፤ በሐሳብ ያወራል፤ የከተማው የጥበቃ አዛዥ ይሆናል። የጠፈር ልብሱ ላይ የሶቪየት ፊደላት አሉ። በኮሚኩ ወንድ ነው፤ ፊልሙ ግን ሴት አድርጓታል፣ እንደ ላይካ። እዚህ ጋ ከክሪፕቶ ጋር ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ክሪፕቶን የጻፈው ሰው ወደፊት የሚሆነውን እየገመተ ነበር፤ ኮዝሞን የጻፉት ግን የሆነውን ያውቃሉ፤ የማትመለሰውን ውሻ በሌላ መንገድ ማትረፍ ነው የፈለጉት።

ለልጁ ምን ልበለው ላሉት፤ ላይካ ተመለሰች ብለው አይዋሹት። የአሥር ዓመት ልጅ ነገ ራሱ ያገኘዋል። ሞታለች፣ አሠልጣኟም ተጸጽቷል ይበሉት። ወዲያው ግን ቤልካና ስትሬልካን ያስከትሉ። ኦገስት 19 ቀን 1960 ከጥንቸል፣ ከአይጦችና ከዝንቦች ጋር ተልከው በማግስቱ ሁለቱም በሕይወት ተመልሰዋል። ስትሬልካ ኋላ ስድስት ቡችሎች ወለደች፤ አንዷን፣ ፑሺንካን፣ ክሩሽቾቭ በ1961 ለኬኔዲ ቤተሰብ ሰደዷት። ፑሺንካ ዋይት ሀውስ ውስጥ ቻርሊ ከሚባለው የቤቱ ውሻ አራት ቡችሎች ወልዳለች። ልጆች ይህኛውን ይወዱታል።

የኒክ አባድዚስን «ላይካ» የተባለ የሥዕል መጽሐፍ እንዲገዙለት የሚመክርዎት ሰው ይኖራል፤ በ2007 የወጣ ነው፣ ጥናቱም ሥዕሉም የተዋጣለት። እኔ ብሆን ግን ሁለት ዓመት እቆይ ነበር፤ ከዚያም መጀመሪያ ራሴ አነብበውና አብሬው እቀመጣለሁ።